የዳማ የኋላ መብራት

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ካሴ የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነበር። ገጣባ የማያወጣ ኮርቻ የሚሰፋ እሱ ብቻ ነው ይባልለታል። ሙያው ያለው ከኮርቻው ሥር በሚያነጥፈው መደላድል ላይ ነው። ቆዳውን አልፍቶ፣ ደራርቦ፣ በወስፌ እየወጋ ይሰፋና "በል እንግዲህ ጋልባት" ይላል። ካሴ ሲያስበው በዚህ ዓለም ላይ ያለ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ጠንካራና ጠንካራ ነገር ያለ መደላድል ሲገናኝ ነው።

ስለዚህ ጎረቤቱ ሙላት ኋላዋ ሸራ የለበሰ አሮጌ መኪናውን እያንቋረረ መጥቶ፣ "የኋላ መብራቴን ብሎኖቹን ዝገት በላቸው፤ በየጉድጓዱ እየተንቀጠቀጠ አምፖል ፈጀብኝ" ሲለው ካሴ አላመነታም። ከመብራቱ ጀርባ ወፍራም ቆዳ ደለደለለት፤ በብሎኑ ፋንታም በእርጥብ ጠፍር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሙላት መኪናዋን እንደ ፈረስ በቀለሟ ዳማ ይላታል። እንደ ድሮ መኪና ሁሉ የኋላ መብራቷ አንድ ብቻ ነው።

"አሁን እንደ ደጃዝማች በቅሎ ተደላድላለች" አለ ካሴ።

ይህ የሆነው ለመንገድ በተነሡበት ዋዜማ ነበር። ሙላት በማግስቱ የካሴን እናት፣ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትን፣ ከካሴ ጋር ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊወስድ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ካሴ አስቀድሞ ብቻውን ሐኪም ቤት ሄዶ ሲጠይቅ ድሬሰር የሚሉት የሐኪም ረዳት፣ "ብርሃን ከለዩ ሞራው ይገፈፋል። ብርሃኑም ከጠፋ ግን ማንም አይመልሰውምና አታንገላታቸው። እስቲ ፋኖስ አቅርብላቸውና እይ" ብሎት ነበር።

ካሴ ፋኖሱን አላቀረበም። ዛሬ አደርገዋለሁ፣ ነገ አደርገዋለሁ እያለ ቀኑ ደረሰ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እማዬ፣ ምንም አይታይሽም?" ቢላቸው፣ "ሁሉም አመድ ነው ልጄ። መንጋቱንም የማውቀው በወፎቹ ነው" አሉት። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ፈራ። ካልጠየቀ ተስፋው እንዳለ ይቀመጣል።

ደጀን ሲደርሱ ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ከተማውን ውጦት አገኙት። ከከተማው መውጫ ላይ ካፖርት የለበሰ ትራፊክ ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ድረስ፣ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። በመኪናዋ ዙሪያ ዞረና ከኋላዋ ቆሞ ቀረ።

"የኋላ መብራቱን አብራው እንጂ!"

"አብርቼዋለሁ፣ ጌታዬ።"

"ለማን ነው ያበራኸው? ለጻድቃን? እኔ አላየሁትም!"

"ጌታዬ፣ ትናንት እኮ ነው ያሳደስኩት፤ በዕውቅ ባለ ሙያ..."

"ባለ ሙያህን አመስግንልኝ። እኔ ግን ቁልቁለቱን አላስወርድህም። በዚህ ጉም ከኋላህ የሚመጣ የጭነት መኪና የሚያይህ ከላይህ ሲወጣ ነው።"

ሙላት ዳማን ጥግ አስያዘና የመሣሪያ ሳጥኑን አወረደ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት፣ "መኪና ውስጥ አፈነኝ፤ እኔንም አውርዱኝ" ስላሉ ካሴ ደግፎ አወረዳቸው። ከመኪናዋ ኋላ፣ መሣሪያው ከወጣለት ሳጥን ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

ሙላት መጀመሪያ አምፖሉን ነቅሎ ወደ ሰማይ አየው። ውስጡ ያለችው የፀጉር ያህል ክር አልተበጠሰችም። ቀጥሎ ባልቦላውን፣ ፊውዙን፣ አየ፤ አልተቃጠለም። ሽቦውን ከፊት ጀምሮ በእጁ እየዳበሰ እስከ ኋላ ተከተለው፤ የተላጠ የለም። በመጨረሻ የሽቦውን ጫፍ ከመኪናዋ ብረት ጋር ለአፍታ ነካ ሲያደርገው ብልጭ አለ።

ካሴ ወደ ኋላ ፈነጠረ። "በስመ አብ!"

"አትፍራ፣ አይበላህም። ኃይሉ ደርሷል ማለት ነው" አለ ሙላት፤ ፊቱ ግን አልፈታም። "አምፖሉ ደኅና፣ ሽቦው ደኅና። እበሩ ድረስ መጥቶ አልገባም የሚል ምን ዓይነት እንግዳ ነው?"

አምፖሉን መልሶ ከተተው። አልበራም። ሳጥኑ ላይ የተቀመጡት እናት፣ "ከትናንት ወዲያ ይበራ ነበር?" ሲሉ ጠየቁ።

"ይበራ ነበር እማማ። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይበራ ነበር።"

ካሴ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለና፣ "ሙላት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትሳቅብኝ" አለ። "ይኼ ኃይል የምትለው በሽቦው መጣ። እሺ። ከመጣ በኋላስ ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ባትሪው ይመለሳላ።"

"በየት በኩል? የመመለሻ ሽቦ አላየሁም።"

"ሽቦ ምን ያደርግለታል? በብረቷ ነው እንጂ፤ በገላዋ። የባትሪው አንዱ ጫፍ ከገላዋ ጋር የታሰረ ነው። ማሳ እንለዋለን። መብራቱም ብረቱ ብረቷን ነክቶ ስለተቀመጠ..."

ሙላት መብራቱን አየ። ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ወፍራም ቆዳ አየ። ቀጥሎ ካሴን አየ።

"አንተ ኮርቻ ሰፊ! መኪናዬን ጫንካት! ቆዳህ ነው መመለሻውን የዘጋው!"

ካሴ ግን ስድቡን አልሰማውም። እጁን በዳማ ጎን ላይ አሳርፎ ቆሟል። ይህ ሁሉ ቆርቆሮ፣ ጭቃ የተለጠፈበት፣ ዶሮ የሚሰፍርበት፣ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ የተደገፈው ብረት፣ ለካ ድምፅ የሌለው ነገር ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው! ዕድሜ ልኩን ብረትና ብረት እንዳይነካካ ሲደክም ነበር፤ እዚህ ግን ብርሃን የሚወለደው ሲነካኩ ሆነ። የእጁ መዳፍ የሚነዝረው መሰለው።

"ጠፍሩን ሳንፈታ እንሞክረው" አለ ሙላት። "ወስፌህን ይዘሃል? ከሥር ግባና አንዱን ጎኑን ከመብራቱ ብረት፣ ሌላውን ከገላዋ አስነካ። እኔ ማብሪያውን እይዛለሁ።"

ካሴ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከዚያ ሆኖ የመብራቱ መስታወት አይታየውም። የብረቱን ዝገት በወስፌው ጫፍ ፋቀና አስነካ።

"በራ?" አለ ሙላት ከፊት።

"እኔ ምኑን አየሁት! ና እንጂ ራስህ..."

"ይኼ ቀይ ነገር ምንድን ነው?" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት።

ካሴ አንገቱን ወደ ድምፁ ሲያዞር ወስፌው ሸርተት አለ።

"ውይ፣ ሄደ" አሉ እናቱ።

ካሴ ወስፌውን መልሶ አስነካ።

"ይኸው መጣ! እዚህ ነው፣ እፊቴ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ቀጥ ብሎ ሄዶ መስታወቱን ነካ። "ካሴ፣ ፍም ነው? ፍም ከሆነ ለምን አያቃጥልም?"

ካሴ ወስፌውን አነሣ። "ጠፋ" አሉ። አስነካ። "መጣ።" ሊጠይቅ የፈራውን ጥያቄ እንዲህ አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ደጋግሞ ጠየቀ። እናቱም አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቱም።

"እማማ ያያሉ እንዴ?" አለ ሃምሳ አለቃ ድረስ ቀርቦ።

"ድሮስ ማን አላይም አለ? አመዱ ነው እንጂ የከለከለኝ" አሉት።

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው እሱም ያወቀ አይመስልም።

ቆዳው ወጣ። ሙላት ከመብራቱ ሥር ያለውን ዝገት እስኪያብለጨልጭ ፋቀና መብራቱን በሽቦ ከብረቱ ጋር አጥብቆ አሰረው። "እንግዲህ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ትብራ" አለ። ካሴ ቆዳውን ከጭቃው አጸዳና እናቱ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አነጠፈው።

"ፊትሽን ወደ መንገዱ አዙሪ እንጂ እማዬ፤ ቁልቁለት ነው" አላቸው ሊሳፈሩ ሲሉ።

"ወዲያ! መንገዱ አመድ ነው። እኔ የምቀመጠው ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ፍሙ።"

የኋላውን ሸራ ገለጡላቸው። ዳማ ጉሙ ውስጥ ገባችና ወደ ዓባይ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ከኋላቸው ያለው ነጭ ሁሉ ከመብራቱ አጠገብ ጥቂት ቀላ ብሎ አብሯቸው ይወርዳል። ካሴ እናቱን በክንዱ ደግፎ፣ በየመታጠፊያው የሚሉትን ይጠብቃል።

"አለ?" ይላል ሙላት ከመሪው ላይ ሆኖ።

"አለ" ይላሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት።