አስተንፍሱ!

ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ስለ ጭንቀት ሊያስተምር የመጣ ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ሠራተኞችና ከግድግዳው ጀርባ ለመተኮሻው እንፋሎት የሚሰጠውን ቦይለር የሚጠብቁት ጋሼ ነበሩ።

ልብስ ተኳሿ ከሁሉም ኋላ ቆማለች። እናቷ በአሥር ሰዓት ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነው። «አንቺ እጄን ካልያዝሽ አልገባም» ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሆቴሉን አንሶላ ስትጨርስ እንድትሄድ ፈቅዶላታል። የቀራት ስልሳ አንሶላ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው። እሱ ግን ማሽኑን አስቁሞ ይህን ሰውዬ ፊቷ ገተረው።

ሰውዬው ማይክሮፎን ይዟል። ለአሥራ አንድ ሰው ማይክሮፎን! እጁ እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው።

«አይዟችሁ ወገኖቼ» አለ። «ጭንቀት ያለው ጭንቅላታችን ውስጥ ነው።»

«የእኔስ አንሶላው ላይ ነው» አለች ተኳሿ በሹክሹክታ።

አጣቢዋ ጎሸም አደረገቻት። «ዝም በይ እባክሽ፣ ጭንቅላት ያለሽ እንዳይመስለው።»

«ጥያቄ አለ እህቴ?»

«አለ። መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን አጉረጠረጠ። «አየህ? ትዕግሥት የላቸውም ያልኩህ ይኸው ነው።» እሱ ራሱ የእጅ ሰዓቱን ሲያይ ይህ ሰባተኛ ጊዜው ነበር።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ ሰውዬው። «ውስጣችሁ የታመቀ እንፋሎት አለ። አሁን ሁላችሁም...» ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ለጥፎ ጮኸ፦ «አስተንፍሱ!»

እዚያ ቤት ይህ ቃል ለቀልድ አይጠራም። ቧንቧ ሊፈነዳ ነውና የቦይለሩን እንፋሎት በሙሉ ልቀቁት ማለት ነው። ጋሼ ደግሞ ይህን ሲሰሙ ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም። ከግድግዳው ጀርባ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ተነሣ፤ ክፍሉ በነጭ ጉም ተሞላ። አሠልጣኙ ጠረጴዛ ሥር ዘሎ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞት ገብቶ ስለነበር ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

ጋሼ በበሩ ብቅ አሉ። «አስተንፍሼዋለሁ። የቱ ጋ ነው የፈነዳው?»

ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ቦይለሩ እንደገና እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ተኳሿ ሽርጧን ፈታች።

«ወዴት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ጉልበቱን እያራገፈ። «አንሶላው ሳያልቅ መሄድ የለም። እስኪሞቅ ሥልጠናው ይቀጥላል።»

ተኳሿ ሁለቱን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ከጠረጴዛ ሥር በአራት እግራቸው ወጥተው ስለ መረጋጋት ሊያስተምሯት!

«እንግዲያው እናንተ ተንፍሱ» አለች። «እኔን እናቴ ትጠብቀኛለች።»

ሆስፒታል የደረሰችው ቀዶ ጥገናው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። በማግስቱ ከሥራ ተባረረች።