ጋሽ መሰላል የደረደሯት ከተማ

አንድ ሺህ አንድ መቶ የቤት ፋይል ቅዳሜና እሁድ ብቻዬን አመሰቃቀልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወደ ክፍለ ሀገር ከተመለስኩ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር። ዋና ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ሁሉን ጥዬ መጣሁ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እዚህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተገኘው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የቤቶች መዝገብ ቤት። የመንግሥት ነው፤ የስድስት ወር ሙከራ አለው፤ ሙከራው ዓርብ ያልቃል። ካላጸደቁልኝ ተመልሼ መሄዴ ነው። እናቴን ከአልጋ ማን ያነሳታል?

መሥሪያ ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። አንዱ የኃላፊው፣ አንዱ የእኛና የፋይሎቹ፣ አንዱ ተቆልፎ ቁልፉ የጠፋ። ኃላፊው ስምንተኛ ክፍል ከኋላዬ ተቀምጦ ሒሳብ ይኮርጅብኝ የነበረ ልጅ ነው። ሲኮርጅ እየተሳሳተ ላጲስ ይለምናል፤ ስለዚህ ላጲስ እንለው ነበር። አሁን ከረባት ያስራል። ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለጉዳይ ፊት "ላጲስ!" ብዬ ጠርቼው እስከ ምሳ አላናገረኝም።

ፋይል የሚያወጡት ጋሽ መሰላል ናቸው። ቁመታቸው ለስሙ ይበቃል፤ እውነተኛውን መሰላል ሲነኩት አይቼ አላውቅም። በልጅነቴ ያውቁኛል፤ ስለዚህ ቢሮ ውስጥም እናቴ እንደምትለኝ ቅልብልብ ነው የሚሉኝ።

"ጋሼ፣ ሰው ፊት እንኳ በስሜ ይጥሩኝ።"

"የተረጋጋሽ ቀን እጠራሻለሁ።"

ያልለመድኩት አሠራራቸውን ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያው ይጠየቃል። ከዚያ ጋሽ መሰላል ይነሱና በመደርደሪያዎቹ መሃል ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ይታጠፋሉ፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ፋይሉን ይዘው ይመለሳሉ። ስተው አያውቁም። ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አያገኝም። ጉንፋን ሲይዛቸው ቢሮው አብሮ ይተኛል። ዘጠኝ ዓመት ዕረፍት ወጥተው አያውቁም። ፋይሉ ሁሉ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ ሰባት አጠገብ ስምንት መቶ ሦስት ተቀምጧል። ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ይቆረቁረኛል።

ሙከራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ማታ የቢሮውን ቁልፍ ወሰድኩ። እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋይሎቹ ከአንድ እስከ አንድ ሺህ አንድ መቶ እንደ ወታደር ተሰልፈው ነበር። አቧራዬን አራግፌ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ፀጉር ሠሪ የቤቷን ፋይል ፈልጋ መጣች።

"የፋይል ቁጥርሽ ስንት ነው?"

"የምን ቁጥር? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነኝ እኮ።"

"ቆይ፣ ከመዝገቡ አየዋለሁ።"

ቤቱ ያለበትን ቦታና የፋይሉን ቁጥር የሚያገናኘው አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ገጽ አይቼ "አለ" ብዬ ዘግቼው ነበር። አሁን ገለጥኩት። ጣሪያው አፍስሶበት ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ሰማያዊ ሾርባ ሆኗል። ፋይሎቹ ላይ ያለው ስም ደግሞ ቤቱን መጀመሪያ የሠራው ሰው ነው። ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ሸጠው ሄደዋል።

ጋሽ መሰላል ገቡ። የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ጤና ጠየቁ። ወደ መደርደሪያው ሄዱ፣ ቆሙ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ ያወጡትን ፋይል አይተው መለሱት። ሌላ አወጡ። መለሱት። ዞር ብለው አዩኝ።

"ወፍጮ ቤቱን የት ወሰድሽው?"

"በቁጥር ደረደርኩት፣ ጋሼ።"

"ከተማውን አፈረስኩት በያ።"

ኮፍያቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለጉዳዮቹ እኔን እያዩ ቀሩ።

ላጲስ ጠራኝ። የሙከራ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ዓርብ ይሄን ሞልቼ ነው የምልከው። ምን ልጻፍ?"

"እውነቱን ጻፍ።"

"እውነቱን ከጻፍኩማ አለቀልሽ።"

"ስምንተኛ ክፍልን ማን አሳለፈህ?"

"ለሱ ብዬ ነው እኮ እስከ ዓርብ የምሰጥሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ ነበር።"

እናቴ ስነግራት ሳቀች። "ተይ፣ ዳሌዬን ያመኛል" እያለች ሳቀች።

"ሰውየው እኮ ሃያ ዓመት ፖስተኛ ነበሩ። ፋይሎቹን የደረደሩት ደብዳቤ ሲያድሉ በሚሄዱበት መንገድ ነው፤ ከመናኸሪያው ተነስተው እስከ ድልድዩ። አልጠየቅሻቸውም?"

"አልጠየቅኩም።"

"መቼ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ፣ ቅልብልብ።" ከዚያ ሳቋ ጠፋ። በአገጯ አልጋዬ ሥር ያለውን ሻንጣ አሳየችኝ። "ይሄን ስድስት ወር ሙሉ ያልፈታሽው ተመልሰሽ ለመሄድ ነው?"

ልብሴን ከሻንጣው እያወጣሁ እለብሳለሁ፤ ታጥቦ ሲደርቅ እዚያው እመልሰዋለሁ። ያላየች መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ በጠዋት ጋሽ መሰላል ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በካልሲ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።"

"እህ።"

"እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ያባርሩኛል።"

"ደግ ያደርጋሉ።"

"ከዚህ ከሄድኩ እናቴ ብቻዋን ነው የምትቀረው።"

ብሩሹን አስቀመጡ። ደብተሬን ከፈትኩ።

"ከየትኛው ቤት ቀጥሎ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።"

"ቁጭ ብዬ አላውቀውም። እግሬ ነው የሚያውቀው።" ጫማቸውን አጠለቁ።

ሦስት ቀን ሄድን። በየበሩ ይቆሙና ቤቱን መጀመሪያ የሠራው ማን እንደነበር ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ደግሞ የማልጠይቃቸውንም ይነግሩኛል። "እዚህ ቤት ያለው ውሻ ነክሶኛል። ማለት፣ አያቱ።" "እዚህ ያሉት ሴትዮ ደብዳቤ አይቀበሉም ነበር፤ በበሩ ሥር ነው የምሰደው።" ሰው ሲያገኙ ይቆማሉ። ውሃ ሲሰጧቸው ይቀመጣሉ። እኔ ደብተሩን እያራገብኩ እቆማለሁ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ፈጠን እንበል።"

"ሃያ ዓመት የሄድኩት በዚሁ ፍጥነት ነው። አንድ ደብዳቤ ተመልሶብኝ አያውቅም።"

ከሰዓት በኋላ ቢሮ እየተመለስን ፋይሎቹን በየመንገዳቸው መለስናቸው። ሐሙስ ላይ ላጲስ ከረባቱን ፈቶ፣ በሩን ዘግቶ ፋይል መሸከም ጀመረ። "ኃላፊ እንዲህ ሲሠራ ማንም እንዳያይ" አለ። ሁለት ፋይሎችን ቦታ አቀያይሮ አስቀመጣቸው። ላጲስ አልነበረውም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ቅጹን ይዞ መጣ። ፀጉር ሠሪዋን አስከትሏል። ጋሽ መሰላል ሊነሱ ሲሉ በእጁ መልሶ አስቀመጣቸው።

"እሷ ታምጣው።"

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ተነሳሁ። ዳቦ ቤቱን አለፍኩ። ጋሽ መሰላልን የነከሰው ውሻ ቤት ጋ ታጠፍኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆምኩ፣ ከጀርባው ያለውን ሳብኩ። ሰጠኋት።

ከፍታ አየችው። "ሰኞ እንዲህ ብታደርጊው ምን ነበረበት?" አለችና ሄደች።

ላጲስ ቆሞ ቅጹን ሞላ። በትከሻው አሻግሬ አነበብኩት። ትጋት፦ በጣም ጥሩ። ትዕግሥት፦ የሚሻሻል። ቋሚ ትሁን ብሎ ፈረመ። ማኅተሙ እስኪገኝ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ማንንም አላጣደፍኩም፤ እግሬን ብቻ አወዛወዝኩ።

ጋሽ መሰላል ደብተሩን ከፊት እስከ ኋላ ገለበጡት።

"ይሄ ካለ እኔ ባልኖርም ትሠራላችሁ ማለት ነው?"

"እንሠራለን፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ልጄ ጋ ሁለት ሳምንት ልሂድ።" ላጲስ የዕረፍት ቅጽ ፍለጋ መሳቢያ መሳብ ጀመረ። እሳቸው ጭንቅላታቸውን አከኩ። "ችግሩ ሻንጣ የለኝም።"

ቤት ሄድኩ። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት፣ ልብሴን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀልኩ፣ ባዶውን ለጋሽ መሰላል ወሰድኩላቸው።