ፈረስ የጠራው አበልጅ

የሁልዳ ሰርግ ደረሰ ሲባል አጎቷን ኤቫልትን ጆሮ ደግፍ ያዘው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቤተሰቡ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ኤቫልት ማለት ጢሙን በሰም የሚያሾል፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከሴቶቹ ሁሉ ጋር የሚቀልድ ላጤ ነው። አሁን ግን ጉንጮቹ አብጠው አገጩን ውጠውታል፤ ራሱ ላይ በፍላኔል ጨርቅ ተጠፍሮ አልጋ ላይ ተጋድሟል። የቸገረው ነገር የሰርጉ ጠሪ እሱ መሆኑ ነው።

ጠሪነት ከጀርመን የመጡ ገበሬዎች በሰፈሩበት በዚያ የብራዚል ሸለቆ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ሹመት አይደለም። ጠሪው ባርኔጣውን በአበባ አስጊጦ፣ ፈረሱን አሳምሮ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከነፈረሱ ሳሎን ድረስ ይዘልቅና ኮርቻው ላይ እንዳለ የጥሪውን ግጥም ያወርደዋል። የቤቱ ሰዎች «እንመጣለን» ብለው ይመልሳሉ፣ እመቤቲቱ ኮቱ ላይ ሪባን ትሰፋለታለች፣ አባወራው የሸንኮራ አረቄ ይቀዳለታል። አረቄውን እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ስለሆነ እምቢ ያለ ጠሪ እስካሁን አልተወለደም።

«ታዲያ ማን ይሂድ?» አለች የሙሽራዋ እናት ፍሎረንቲን፣ የበቆሎ ዳቦውን ሊጥ እያቦካች።

«አፉ የሚንቀሳቀስ ሰው ይሂዳ» አለ ባሏ ራይንሆልት ቴሽ።

«አፍስ ካልክ ያንተን የመሰለ የለም። አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።»

ራይንሆልት መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። የሙሽራ አባት ራሱ ሰርግ ሲጠራ እነሱ በተወለዱበት በጀርመኑ ፖመርንም ሆነ በብራዚል ተራሮች ላይ ታይቶ አይታወቅም። ግን ቡናው ለለቀማ ደርሶ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅም ሌላ ሰው አልተገኘም። ኤቫልት አልጋው ላይ ሆኖ በምልክት ፈረሴን ውሰድ አለው። ከዚያ ደግሞ በዚያ ባበጠ አፉ አንድ ነገር ሊጨምር ታገለ፣ ማንም ሳይገባው ቀረ።

ጠዋት ሁልዳ የአባቷን ባርኔጣ በአበባ እየሸፈነች ነበር። እንደ አገራቸው ወግ ጥቁር የሆነው የሙሽራ ቀሚሷ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«አባዬ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ቦልት ቤትም ትገባለህ?»

ራይንሆልት ኮርቻውን ማጥበቅ ቀጠለ።

«ክርስትና ያነሳኝ እሱ ነው። ከሙሽራዬ ከኤርድማን ጋር ከጨፈርኩ በኋላ ተነስቶ የሚያስጨፍረኝ የክርስትና አባቴ ነው። እሱ ከሌለ እቀመጣለሁ።»

«አጎትሽ ያስጨፍርሻል።»

«አጎቴ ክርስትና አላነሳኝም» አለች። ባርኔጣውን ራሱ ላይ አድርጋ አስተካከለችለትና ጉንጩን ሳመችው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ልጁ ተቆጥታ ብታውቅ ኖሮ መልሱን ያውቅበት ነበር፤ እንዲህ ስትስመው ግን መያዣ መጨበጫው ይጠፋዋል።

ሄርማን ቦልትና ራይንሆልት ከአንድ መንደር የወጡ፣ በአንድ መርከብ የመጡ፣ ጎን ለጎን መሬት የተመሩ ሰዎች ናቸው። ሁልዳ ስትወለድ ደግሞ አበልጅ ሆኑ። አንድ ቀን ቦልት ወሰኑ ላይ የቆመ ግዙፍ ዛፍ ሲቆርጥ ዛፉ ዞሮ ራይንሆልት ገና ክዳኑን የጨረሰውን ጎጆ ለሁለት ከፈለው። ራይንሆልት ድምፁን ሰምቶ ከካሳቫው ማሳ እየሮጠ ሲደርስ ቦልት ፍርስራሹ ላይ ቆሞ ይስቃል። ፈገግታ ቢሆን እሺ፤ ሰውየው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እንባው እስኪወርድ ነበር የሚንከተከተው። ፍሎረንቲንና ሕፃኗ ወንዝ ወርደው ስለነበር ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ቦልት ሳንቃ ተሸክሞ መጣ፤ ራይንሆልት ሳንቃውን ተቀብሎ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን አንዱ በስተቀኝ ሌላው በስተግራ ይቀመጣሉ፤ ቃል አይለዋወጡም። ቤትማ ተሠራ። ያ ሳቅ ነው እንደ እሾህ ተሰክቶ የቀረው።

እና ራይንሆልት ወጣ። በመጀመሪያው ቤት ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በሁለተኛው ቤት አንድ ስንኝ ዘሎ መልሶ አነሳው። ከዚያ በኋላ ግን አረቄው ምላሱን ፈታለትና ግጥሙ እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር። ሰዎቹም አልማሩትም።

«ምነው ራይንሆልት፣ ለልጅቷ ሰርግ የሚጠራላት ዘመድ ጠፍቶ ነው ራስህ የምትዞረው?»

«ኧረ ተዉት፣ አረቄውን ለወንድሙ መተው አንገብግቦት ነው!»

እሱም እየሳቀ ይጠጣል፣ ሪባኑን ይቀበላል፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ይወጣል። ደስ ብሎታል፤ መደበቅም አልቻለም። ከፖመርን ደረቅ አሸዋ ላይ ተነስተው የመጡ ሰዎች ይኸው ቡና ተክለዋል፣ አሳማ አርብተዋል፣ ልጅ ሊድሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሪባን በሪባን ሆኖ ለሰርግ ያጌጠ ዛፍ መስሎ ነበር። የቦልትን ቤት በላይኛው የቡና መንገድ ዞሮ ሊያልፈው ወስኗል። የልጁ ፊት ድቅን ሲልበት ሐሳቡን ወደ አሳማዎቹ ያዞራል። ፀሐዩ ሞቃት ነው፣ ፈረሱ እርጋታ ያለው ነው፣ ልጓሙን ላላ አደረገው፣ ዓይኑንም ለአፍታ ያህል ጨፈነ።

ባርኔጣው ከአንድ እንጨት ጋር ሲጋጭ ነቃ። ጣራ ከበላዩ አለ፤ የጎመን ሾርባ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ የለመደ አፉ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ጀመረ።

«እነሆ ቆሜያለሁ በፈረሴ ላይ፣
የምሥራች ይዤ ለቤቱ የበላይ፣
ዳቦው ተጋግሯል፣ ታርዷል በሬው…»

እዚህ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ከገበታው ወዲያ ማንኪያውን አፉ አጠገብ አንጠልጥሎ የሚያየው ሄርማን ቦልት ነው።

ክው አለ። የቦልት ሚስት ኦቲሊ በበኩሏ አንድ ራስ በቆሎ አንስታ ለፈረሱ ስታቀርብለት እንደ ልጅ ነው የምታናግረው። «ና የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ መጣህ?»

«ይህን ፈረስ ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለ ራይንሆልት።

«ኧረ አበልጄ! በየእሁዱ ማታ እዚያ ምሰሶ ላይ የሚታሰረው ማን ሆነና?»

ራይንሆልት ዞር ሲል የኦቲሊ እህት ሚና ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ጉንጮቿ እንደ ዱባ አብጠዋል፤ ራሷ ላይ ፍላኔል ታስሯል። የወንድሙን አገጭ አሰበ። የሚናን አገጭ አየ። ኤቫልት ሊናገር ሲታገል የነበረው፣ ፈረሱ ልጓም ከላላለት ወደዚህ ቤት እንደሚመጣ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ሚና ጨርቁን ወደ ዓይኗ ጎትታ ተሸፈነች።

«ቀጥል እንጂ» አለ ቦልት ረጋ ብሎ። «ግጥሙ ገና ግማሽ ነው።»

«እኔ እኮ… ፈረሱ ነው።»

«አይቻለሁ። አንተማ ታንኮራፋ ነበር።» ኦቲሊ መርፌና ሪባን ይዛ ብድግ ስትል አያት። «ቁጭ በይ አንቺ። እኔ ፈረስ የጠራኝ ሰርግ አልሄድም።»

የራይንሆልት ደም ፈላ። ያን ሁሉ ዘመን በሆዱ ይዞት የኖረውን ነገር አረቄው ገፍቶ አወጣው። «ድሮስ አንተ ምን ታውቃለህ? መሳቅ! ቤቴን ጨፍልቀህ በላዩ የሳቅህ! ቤቱን ተወው፣ የሳቅህበትን ብቻ ንገረኝ። ምኑ ነው ያሳቀህ?»

ቦልት ማንኪያውን አስቀመጠ። ኦቲሊም ዞራ አየችው፤ እሷም ሰምታው የማታውቀው ነገር መሆኑ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ዛፉን ስጥለው ተጠንቀቁ ብዬ አልተጣራሁም» አለ። «ወደኔ በኩል ነው የሚወድቀው ብዬ ነበር። ዞረብኝ። ጠዋት ሳልፍ ፍሎረንቲን ሕፃኗን ስታጠባ ደጅ ላይ አይቻት ነበር። እና… ውስጥ ናቸው አልኩ። ስሟን ጠራሁ፣ መልስ የለም። ቅርንጫፉን ስቦጫጭቅ፣ ስቦጫጭቅ ቆየሁና ቀና ስል ከወንዙ ሽቅብ ስትመጣ አየኋት። ሁልዳ ጀርባዋ ላይ ሆና የእናቷን ጠጉር ትጎትታለች። ሳቁ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም፤ ላቆመው ብል እምቢ አለኝ። አንተ ፊቴ ቆመህ እኔን ነበር የምታየው። እኔ በትከሻህ በኩል እነሱን።»

ፈረሱ በቆሎውን ይቆረጥማል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ልጅህንና ሚስትህን የገደልኳቸው መስሎኝ ነበር ብዬ? በማግስቱ ልነግርህ ነው ሳንቃውን የተሸከምኩት። ወንዝ ጣልክብኝ። ከዚያ እኔም አኮረፍኩ፤ እኔስ ሰው አይደለሁ?» ማንኪያውን መልሶ አነሳ። «በል አሁን ፈረስህን አውጣልኝ። ሾርባዬ ቀዘቀዘ።»

ማውጣቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። ፈረሱ በዚያ ጠባብ ክፍል መዞር አልቻለም፣ ወደ ኋላ መራመድም አልፈለገም። ሚና ጉንጯን በአንድ እጅ ደግፋ ከፊት ስትገፋ፣ ኦቲሊ ከኋላ ጭራውን ስትጎትት አንድ ወንበር ተሰበረ፣ ዶሮዎቹም ተንጫጩ። ቦልት አልተነሳም።

ራይንሆልት አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ፈረሱ ወደ ጋጣው አቅጣጫ ዞረ። እሱ ግን ልጓሙን ያዘ። ስካሩ የት እንደገባ አያውቅም። አፈረ፤ እድሜውን በሙሉ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ተነስቶ ደረቱን ሞላው፣ እሱም ደስታ ነበር። ያ ሳቅ ለካ ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ ነበር! አበልጁ ያን ቀን ከእሱ ቀድሞ ተደስቶላቸዋል። ኮቱን አራገፈ፣ የተጣመመ ባርኔጣውን አቃና፣ ፈረሱንም መልሶ አዞረው።

ኦቲሊ በሩን ገና አልዘጋችውም ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባ። ቦልት ሾርባውን አልነካውም።

ግጥሙን ከመጀመሪያው አነሳው፤ አንድም ቃል አልዘለለም። «የሙሽራዋ አባት ልኮኛል» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በየቤቱ ሲለው የዋለ ስንኝ ነው፤ እዚህ አልወጣለት አለ።

«ማንም አልላከኝም» አለ። «አባቷ እኔ ነኝ። ፈረሱም አላመጣኝም፣ ራሴ ነኝ የመጣሁት። ክርስትና ያነሳሃት ልጅ ልትዳር ነው፣ ሄርማን። አንተ ካልመጣህ አልጨፍርም ብላለች። እኔም አልጨፍርም።»

እንደ ደንቡ መመለስ ያለበት አባወራው ነው። ቦልት ግን ጠርሙሱን ፍለጋ ብድግ አለ። «እንመጣለን!» አለች ኦቲሊ። «እምመኣለም!» አለች ሚና በፍላኔሉ ውስጥ። ቦልት ጠርሙሱን አንስቶ ብርጭቆውን ሳያይ ሲቀዳ ግማሹ ገበታው ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን ለሁለት ጠጡት።

አመሻሹ ላይ ሁልዳ ከቡናው መሐል የፈረስ ኮቴ ሰማች። አባቷ ከነሪባኑ ኮርቻው ላይ ይወዛወዛል፤ ለቡና ዛፎቹ በታላቅ ድምፅ ሰርግ ይጠራል። ልጓሙን ይዞ በእግሩ የሚመራው ሰው ማን እንደሆነ ስታይ የያዘችውን ቅርጫት ጥላ ሮጠች። በአባቷ አጠገብ አለፈችና ቦልት አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለ ቦልት። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እንባው እየወረደ፣ ልክ እንደዚያን ዕለት ሳቀ። ራይንሆልት በዚህ ጊዜ ኮርቻው ላይ ስለነበር ሰውየው የሚያየውን ነገር እሱም ከላይ ሆኖ ያያል። አብሮት ሳቀ፤ ከፈረሱ ላይ ተንሸራትቶ ቡናው ሥር ዘጭ እስኪል ድረስ ሳቀ።