ያልጎነቆለው ዳጉሳ

ብቅሉ አልበቀለም። እትዬ ሙቻኔታ ቅጠሉን ገልጠው አዩና መልሰው ሸፈኑት፤ ዓይናቸውን አላምን ብለው ደግመው ገለጡት። የሌላው ሁሉ ዳጉሳ ጎንቁሎ ጢሙን አውጥቷል። ከሟች ወንድማቸው የመጨረሻ እርሻ የመጣችው እፍኝ ብቻ እንደ ጠጠር ደርቃ ቁጭ ብላለች። የሟቹን መንፈስ ወደ ቤት የሚመልሰው ጠላ የሚጠመቀው ደግሞ በእሷ ነው፤ ዘመዱም ከየአገሩ ተጠርቷል።

"ወንድሜ ጀርባውን ሰጠን" አሉ እትዬ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ምራታቸው ወደ ሾራይ ዞሩ። "የዳጉሳው ቆርቆሮ ተቀምጦ የነበረው አንቺ መኝታ ቤት ነው። ሟች የሚቆጣው ቤቱ ሲረክስ ነው። ከማን ጋር እንደሄድሽ ትናገሪያለሽ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ወደ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ።"

ሾራይ ክው አለች። ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ጋሪካይ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ጋሪካይ እንግዲህ ጉንዳን በመስታወት ሣጥን የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ሣጥኑም እዚያው መኝታ ቤት ነው። ጠዋት ማር በጥጥ፣ ማታ የሞተ ምስጥ ይሰጣቸዋል። ለቅሶ የመጣ ሰው እንኳ ስለ ጉንዳን ሳይሰማ አይሄድም። የጠገበው ለተራበው ከአፉ እንደሚያካፍል፣ ምግብ ያገኘው ለሌሎቹ መንገዱን በጠረን እንደሚያሰምር ያወራል። "እህል ጎተራ ሲያስገቡማ ጫፉን ነክሰው ነው፤ እንዳይበቅልባቸው" ይላል፣ የወለዳቸው ይመስል እየኮራ።

ሾራይ ከቅጠሉ ላይ ቆንጥራ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ፍሬው ሁሉ ጫፉ ተነክሷል። ባለፈው ሰሞን የሣጥኑ ክዳን ተሰንጥቆ ነበር። ያኔ የጉንዳኖቹን ጎተራ በዳጉሳ ጢም ብሎ አይታዋለች፤ በማግስቱ ባዶ ሆነ፣ ክዳኑም በሰም ተደፈነ። "አጸዳሁላቸው" ብሏት ነበር ባሏ። ለካ ጉንዳኖቹ ቆርቆሮውን አራግፈውት፣ እሱ ደግሞ እህሉን ከጎተራቸው ዝቆ መልሶበታል። ይህን እያወቀ ነው ጫማውን የሚያየው።

ቢሆንም እድል ልትሰጠው ፈለገች።

"ጋሪካይ፣ ጉንዳኖችህ እህል ሲያጠራቅሙ ምን ያደርጉታል? እስቲ ለእትዬ ንገራቸው።"

"እኔ ምን አውቄ" አለ፣ ቀና ሳይል።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩት።

"አንተ?" አሉ እትዬ ሙቻኔታ። "አንተ ነህ ስለ ጉንዳን የማታውቀው? የወንድሜን ሬሳ አስቀምጠን ሌሊቱን ስለ ጉንዳን ስታደርቀን አልነበር ያደርከው?" ፍሬውን ከሾራይ እጅ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የተነከሰውን ጫፍ በጥፍራቸው ዳሰሱት። "ምን አደረግህ፣ አንተ ልጅ?"

ሾራይ መልሱን አልጠበቀችም። መኝታ ቤት ገብታ ቀሚሶቿን በነጠላ ጨርቅ ቋጠረች። ጉንዳኖቹ አንድ ምስጥ ተጋግዘው ይጎትታሉ። ስትወጣ እትዬ በሩ ላይ ጠበቋት።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ማንም አያባርርሽም፤ ግቢ።"

"እርስዎ ቢያባርሩኝማ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምን ነበር፣ እትዬ" አለች ሾራይ። "ያባረረኝ ባሌ ነው።"