የትኛው ጉሌድ?

በሐርጌሳ የግመል ገበያ፣ ከግመሎቹ ጀርባ ረጅም ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ የሆዳን አጎት አዋሌ ብቅ አሉ። ደላላው ጉሌድ ሆዳንን ለማግባት ሽማግሌ ከላከ ሳምንቱ ነበር።

«ሰው ጠየቅሁ» አሉት። «መስጊድ፣ ዝምተኛ ነው አሉኝ። ሻይ ቤት፣ እሱማ ቀልደኛ ነው አሉኝ። እዚህ ደግሞ ጩኸትህ ግመል ያስደነብራል። እኛ የምንድረው ለአንድ ሰው ነው። የትኛው ነህ?»

«ታዲያ አጎቴ፣ መስጊድ ገብቼ ልጩህ?»

አዋሌ አልሳቁም።

በዚህ መሃል ገዢ መጥቶ ስለ አንዲት ግመል ጠየቀ። ጉሌድ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸ፦ «የግመሎች ንግሥት! ወተቷ ምንጭ ነው! የኋላ ግራ እግሯን ግን ታነክሳለች!»

ገዢው ወደ ሌላ ደላላ አለፈ። አዋሌ ጎንበስ ብለው የግመሏን እግር መረመሩ፤ እውነትም አብጧል። ከዚያ «አንዱን ሰው አገኘሁት» ብለው ወደ መጡበት ሄዱ።