በዓይኑ የሚሰማው ባለወፍጮ

በገጠሩ ሙዚየም ከተደረደረው አሮጌ ዕቃ ሁሉ እስካሁን ሥራውን ያልተወው የውሃ ወፍጮው ብቻ ነው። ውሃ ሲለቀቅበት ትልቁ የእንጨት መዘውር እየተንጓጓ ይዞራል፤ ቤቱ ይናወጣል፤ ጎብኚ ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። ባለወፍጮው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ሲወጡ በር ላይ ያቆማቸውና፣ ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው የሚሰማው በዓይኑ እንደሆነ፣ እሱም ከንፈር አይቶ አንድ ቃል እንደማያመልጠው ይነግራቸዋል። ካላመኑት አንዱን ወደ ውስጥ መልሶ ያስወራውና ያለውን ይደግምላቸዋል። ጉራው ለከት የለውም፤ ግን እውነቱን ነው።

ሰሞኑን ታዲያ ይኸው ችሎታው እንቅልፍ ነሥቶታል። ትኬት ቆራጯ፣ እንደ እሱ የትዳር ጓደኛዋን በሞት ያጣች ሳቂታ ሴት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወፍጮ ቤት ትገባና ከመዘውሩ ማዶ ቆማ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታወራለች። መጀመሪያ ከከንፈሯ ያነበበው፣ "እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ደስ ይለኛል" የሚል ነበር። ዱቄቱን ጆንያ ውስጥ መጨመሩን ትቶ መሬት ላይ ደፋው። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ማዞር ሲገባው ዓይኑ እምቢ አለው። ሸሚዙን በየቀኑ መተኮስ ጀመረ። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። ምን ብሎ ይጀምር? የሰው ምስጢር ሲሰርቅ መክረሙን ካወቀች ዓይኑን ማየት እንደምትጠላ አልተጠራጠረም።

ዛሬ መጥታ ስትቆም ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። "ልጄ ከተማ መጥተሽ አብረን እንኑር ብላኛለች" አለች ለስልኩ። "እሱ እንደሆነ አንድ ቃል አይወጣውም። ዛሬ ካልተናገረ ነገ እሄዳለሁ።"

ነገ ጠዋት ያ የትኬት መስኮት ያለ እሷ ሲከፈት ታየው። የሚያደርገው ጠፍቶት ሄዶ የውሃውን በር ዘጋ። በሥራ ሰዓት መዘውሩን ሲያቆም የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ቤቱ ጭር አለ፤ ጎብኚዎችም ምን ተፈጠረ ብለው በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

"አትሂጂ" አላት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ነበር የሚባባሉት። "ይቅር በዪኝ፣ ለእህትሽ የምትነግሪያትን ሁሉ ሳይ ነው የከረምኩት። እኔም እወድሻለሁ።"

በጩኸት የኖረ ሰው ነውና ግቢው ሁሉ ሰማው።

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ትክ ብላ አየችው። "ምን ዓይነቱ ሰው ነህ?" አለችው። "በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል ስልክ የሚያወራ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እህትም የለኝም። በር ላይ ቆመህ ስትጎርር ስለምሰማህ፣ ሳወራ የከረምኩት ላንተ ነው።"

ባለወፍጮው ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀስ ብሎ፣ "ልጅሽስ?" አላት።

"እሷማ የምሯን ጠርታኛለች። ሻንጣዬንም አስሬ መጥቻለሁ፤ ትኬት ቤቱ ውስጥ ነው።" ፊቱ ክው ሲል አይታ ሳቋ መጣ። "ከባድ ነው፤ ወደ ቤት የምትመልስልኝ አንተ ነህ። ለልጄም የምትነግራት አንተ ነህ። ደግሞ ጮኸህ እንዳታስደነግጣት።"

ባለወፍጮው ሻንጣውን ሊያመጣ ሮጠ። ውሃውን መልሶ የለቀቀው ከጎብኚዎቹ አንዱ ነው።