ቀን ቀን የሚያድገው ጀግና

ደግሞ ይኼ ቀስት ምንድነው፣ ማን ጠየቀው፣ ሂደኖሪ ጆይስቲኩን እንደያዘ ቴሌቪዥኑን በጎሪጥ ያየዋል፣ ቀስቱ በዚህ ሂድ ይላል፣ ንጉሡን አናግር ይላል፣ ድሮ ማን መራው፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ እየዞረ ጠይቆ፣ ተሳስቶ፣ ሞቶ፣ ተመልሶ ነው መንገዱን ያገኘው፣ ያው የልጅነትህ ጌም ነው፣ ታድሶ ነው ይላሉ፣ ባሕሩ ያብረቀርቃል፣ የጀግናው ፀጉር በነፋስ ይርገበገባል፣ አያምነውም። እንዲህ የሚያባብል ነገር ሁሉ የሚፈልገው አለው።

ላኪውንስ ማን ያምናል። ታናሽ ወንድሙ ቶሞሂሮ ነው የላከው፣ ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ፣ እስከዚያ ጀምረው ጋሼ ብሎ። ጋሼ! ስንት ዘመን ተኮራርፈው ኖረው ዛሬ ጋሼ፣ የእናታቸውን ቤት ፈልጎ ይሆን፣ ወይስ ያቺን ነገር አስታውሶ ሊያሾፍ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ያቺ ነገር። ልጆች ሳሉ ነው፣ ሂደኖሪ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ጀግናው ደካማ ነው፣ ማታ ሲከፍተው ፈርጥሞ ይጠብቀዋል፣ ኮሮጆው መድኃኒት ጠግቦ፣ እናታቸው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ብላ የጌሙን የመብራት ገመድ ትደብቃለች፣ ቶሞሂሮ ግን ቀድሞት ነው ቤት የሚገባው፣ ገመዱን አግኝቶት ነው፣ ሌላ ማን አለ፣ እማዬ ትሙት አልነካሁም ይላል ቶሞሂሮ፣ ውሸታም፣ ጥፊ። ሂደኖሪ የጌሙ ካሴት ጀርባ ላይ የራሱን ስም በወፍራም እስክሪብቶ ጻፈ። ጀግናው ማደጉን አልተወም። የመጨረሻውን ጭራቅ ሊገድል ሲል ቶሞሂሮ ልይ ብሎ መጣ፣ ሂደኖሪ በሩን ዘጋበት፣ ብቻውን አሸነፈ፣ ደስ አላለውም።

አሁን በታደሰው ጌም ጀግናው ዋሻው አፍ ላይ ደርሷል። እናቱ ሱሚኮ አጠገቡ እግሯን ብርድ ልብስ በለበሰው ማሞቂያ ጠረጴዛ ሥር ዘርግታ መንደሪን ትልጣለች፣ ቀና ትላለች፣ ሂዴ፣ አሁን አትግባ፣ መርዘኛ የሌሊት ወፍ አለ፣ መጀመሪያ ከድልድዩ ማዶ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ በል፣ ትጠነክራለህ።

ጣቱ ደርቆ ይቀራል። ማን ነገረሽ እማዬ። ማን ይነግረኛል፣ እናንተ ትምህርት ቤት ስትውሉ፣ ያጠብኩት ልብስ እስኪደርቅ ምን ልሥራ፣ አንተ ደግሞ ሞተብኝ እያልክ ስትነፋረቅ አሳዘንከኝ፣ ጀግናህን ትንሽ ልደግፈው ብዬ ነው። ቶሞን ስመታው ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? በቀን አንድ ሰዓት ያልኩት እኔ፣ ገመዱን ሩዙ ውስጥ የምደብቀው እኔ፣ በምን አፌ ልናገር፣ እሱማ ደርሶብኝ ነበር፣ አልናገርብሽም አለኝ፣ ቃሉን ጠበቀ፣ እኔ ነኝ የበደልኩት።

አይ፣ ልታስታርቀን የፈጠረችው ነው፣ ነው እንጂ፣ በድሮው ጌም የግንቡ ቁልፍ የት ነበር ይላታል ሳያስበው። ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከሽማግሌው ቤት ኋላ፣ ትላለች ቀና ሳትል። እውነት ነው። በእናቱ ምሎ የተመታው ልጅ እውነቱን ነበር፣ ሂደኖሪ ያፍራል፣ ጉንጩ ራሱ የተመታ ያህል ይግላል።

በሩ ይንሸራተታል፣ ብርድ ይገባል፣ ቶሞሂሮ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሻንጣውን እንደያዘ ደፍ ላይ ቆሞ፣ ጀመርከው ጋሼ?

ሂደኖሪ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቃል፣ ጆይስቲኩን ይዘረጋለታል፣ በሩን ዝጋና ና ቁጭ በል፣ መጨረሻውን አላየህም እኮ።